የ«ውሃ» ሳምንት ነው ተብሏል፣ ቤት ውስጥ ምን ላሠራት?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ4 ዓመት ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ጀምራለች። የዚህ ሳምንት ርዕስ «ውሃ» ነው፣ ቤትም አግዟት የሚል ወረቀት መጣ። እኔም አባቷም ከሥራ የምንገባው መሽቶ ነው። የመለማመጃ ደብተር ገዝቼ ላስጽፋት ወይስ ሌላ ዘዴ አላችሁ?

የመንታዎች እናት፦ ደብተሩን ተይው እህቴ! ገላዋን ስታጥቢያት ይበቃል። ማንኪያ፣ ቡሽ፣ ትልቅ የፕላስቲክ ክዳንና ጠጠር ስጫትና መጀመሪያ «ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል?» ብለሽ አስገምቻት፣ ከዛ ትጣለው። ቁም ነገሩ መገመቱ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ትልቅ ነገር ሁሉ የሚሰምጥ ይመስላቸዋል፤ ክዳኑ ተንሳፍፎ ጠጠሯ ስትሰምጥ ፊቷን እይው።

ጡረተኛ መምህርት፦ እስማማለሁ። እኔ ቆጠራን ልጨምር፣ ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይሸወዳል። እስከ 20 የሚቆጥር ልጅ ሁሉ ቁጥር ገብቶታል ማለት አይደለም፣ ሸምድዶት ሊሆን ይችላል። ኩባያዎች ደርድሪና እየነካች ትቁጠር። ከጨረሰች በኋላ «ስንት ሆኑ?» ስትያት እንደገና ከአንድ ከጀመረች፣ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ድምር መሆኑ ገና አልገባትም ማለት ነው። አትቆጫት ልጄ፣ ይመጣል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አባቷ ግን «ይሄ የአስተማሪ ሥራ ነው» ባይ ነው 😅

አንድ አባት፦ ትምህርት ነው አትበይው፣ ሥራ ስጪው። ልብስ ሲያሰጣ እሷ የካልሲውን ጥንድ ትፈልግ፣ በመቆንጠጫም ትያዘው። መቆንጠጫ መጫን ጣት ያጠነክራል፣ በኋላ እርሳስ ለመያዝ ይጠቅማታል። ሲደርቅ ደግሞ «ውሃው የት ሄደ?» ብላ ማፋጠጧ አይቀርም፣ ያኔ መልሱን እሱ ይፈልግ 😂