ልብ የሚያንጠለጥል መጽሐፍ ጠቁሙኝ

ወፍጮ ቤት (ደምበጫ)፦
ሰላም ለቤቱ። የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር እህል ያመጣው ሰው ደጅ ላይ ሲነጫነጭ እኔ ጆንያ ላይ ጋደም ብዬ መጽሐፍ እገልጣለሁ። የምፈልገው አሳዳጅና ተሳዳጅ ያለበት፣ ከመጀመሪያው ገጽ ሩጫ የሚጀምር ነው። ባለታሪኩ መስኮት ላይ ቆሞ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ሕይወት የሚብሰለሰል ከሆነ ይቅርብኝ። ለመብሰልሰልማ የመብራት ሒሳብ አለልኝ። ኦሮማይን ጨርሻለሁ፣ እሱን አትንገሩኝ።

የጣና ልጅ (ባሕር ዳር)፦
የይስማዕከ ወርቁን ዴርቶጋዳ ሳታነብ ነው እንዴ? የጣና ገዳማትና ስለላ በአንድ ታሪክ! ስትጨርስ ራማቶሓራ ይከተላል። «ይሄ እንዴት ይሆናል?» እያልክ አትሟገት ብቻ፣ ዝም ብለህ ተከተለው።

ጡረተኛው መምህር (ሞጣ)፦
እንግሊዝኛ ካላስቸገረህ የፍሬድሪክ ፎርሳይዝን «ዘ ዴይ ኦቭ ዘ ጃካል» ፈልግ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ ነው። ቅጥረኛ ገዳይ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ደ ጎልን ሊገድል ይነሳል። ደ ጎል በ1970 ቤታቸው ውስጥ ድንገት ታመው ነው የሞቱት፤ ስለዚህ ገዳዩ እንደማይሳካለት ሳትጀምረው ታውቃለህ። እንዲያም ሆኖ ያልብሃል። ጸሐፊው ጋዜጠኛ ነበርና የሰውየውን ሥራ አንድ በአንድ ያሳይሃል። መቃብር ለመቃብር ዞሮ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ስም ይመርጣል፣ በዚያ ስም የልደት ወረቀት ያወጣል፣ በወረቀቱ ደግሞ ፓስፖርት። ጠመንጃውን ተፈታትቶ ክራንች ውስጥ እንዲደበቅ አድርጎ ያሠራዋል። ተኩሱ ትንሽ ነው። ትንፋሽ የሚያሳጣህ ፖሊሱ በደረሰ ቁጥር ሰውየው ገና አሁን መውጣቱ ነው። እኔ በበኩሌ በየገጹ ቦምብ የሚፈነዳበት ልብወለድ እንቅልፌን ነው የሚያመጣው።

ሙሉ ሌሊት (ቡሬ)፦
ሩጫ ካልክ ፓፒዮን፣ የፈረንሳዊው እስረኛ የአንሪ ሻሪየር መጽሐፍ! ሰውየው ያመልጣል፣ ይያዛል፣ ደግሞ ያመልጣል። ኮኮናት የታጨቀ ጆንያ ላይ ሆኖ ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ ስትደርስ ገበሬው ቢጣራም አትሰማ። ሁሉም እውነት ነው ይላል ጸሐፊው፤ ለማመን ግን እኔም እቸገራለሁ። ለማንበብ ምን ቸገረኝ?

ወፍጮ ቤት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግሊዝኛዬ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፤ ቢሆንም የክራንቹ ነገር ስላጓጓኝ እሞክረዋለሁ። የጣና ልጅ፣ ዴርቶጋዳ እጅህ ላይ ካለ አውሰኝ። ሐሙስ የወፍጮ ቺንጋ ልገዛ ባሕር ዳር እመጣለሁ።

የጣና ልጅ፦
አለኝ። ሽፋኑ ግን ተገንጥሏል፣ እኔን እንዳትወቅስ።