ደብተር መያዝ የማይሆንለት ሰው ወጪውን እንዴት ይቆጣጠር?

ጥያቄ

ዕድሜዬ 36 ነው። በተለምዶ ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር እንዳለብኝ በሐኪም የታወቀው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ገቢዬ ለኑሮዬ የሚያንስ ባይሆንም ወሩ ሳይጋመስ ሒሳቤ ይራቆታል። አብዛኛውን ጊዜ የምገዛው ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ በስልኬ ነው። ለሥዕል፣ ለልብስ ስፌት፣ ለፎቶግራፍ እያልኩ ያመጣኋቸው ዕቃዎች ቁም ሣጥኑን ሞልተውታል፤ አንዳንዶቹ ከነማሸጊያቸው ናቸው። የወጪ መመዝገቢያ ደብተር ከአምስት ጊዜ በላይ ጀምሬ ከሁለተኛው ሳምንት አልፌ አላውቅም። የትዳር አጋሬ እንዳታየው ብዬ የደበቅሁት ዕቃም አለ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ። ጠባዩ የበሽታው ነው ወይስ የእኔ? ደብተር ለማይሆንለት ሰው የሚሠራ ዘዴ ያገኛችሁ ብታካፍሉኝ እወዳለሁ።

መልስ 1

እኔም ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት ችግር አለብኝ። ደብተሩ ያልሠራው በስንፍና አይመስለኝም፤ ደብተር ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚጻፍ ታሪክ ሲሆን የእኛ ጣጣ ያለው ግን ከግዢው በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ራሴን መገሠጽ ትቼ መንገዱን ማርዘም ጀመርኩ። በመገበያያ መተግበሪያዎቹ ላይ ተመዝግቦ የነበረውን የካርድ ቁጥር ሁሉ አጠፋሁ፣ የቅናሽ ማሳወቂያዎችን ዘጋሁ፣ ካርዱም ከመኝታ ክፍል ውጭ እንዲያድር አደረግሁ። ቁጥሩን ለመጻፍ ከብርድ ልብስ ወጥቶ መሄድ ስንቱን ግዢ እንዳስቀረልኝ ብነግርዎት አያምኑኝም።

ደመወዝ በገባበት ዕለት የቤት ኪራይና የዕዳ ክፍያ በራሱ እንዲቆረጥ፣ ለእኔ የሚተርፈውም በአራት ተከፍሎ በየሳምንቱ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲገባ አዝዣለሁ፤ በእጄ ያለው ካርድ የዚያ ሒሳብ ብቻ ነው። ያማረኝን ዕቃ ደግሞ ስሙንና ቀኑን ጽፌ 3 ቀን አቆየዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙውን ለምን እንደፈለግሁት እንኳ አላስታውስም። ሆኖም ከሳምንቱ ገንዘብ ላይ ማንም የማይጠይቀኝ ጥቂት ማባከኛ ካልተውኩ አጥሩን ራሴው አፈርሰዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አፍርሼዋለሁም።

መልስ 2

ሙያዬ የአእምሮ ጤና ስለሆነ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ልመልስ። ሽልማት በዘገየ መጠን በአእምሯችን ዋጋው እየቀነሰ መሄዱ በሰው ሁሉ የሚታይ ነው፤ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ቅነሳው የፈጠነ መሆኑ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። ዛሬ የሚገዛው ዕቃ ጎልቶ ሲታይ የወሩ መጨረሻ እጅግ ይርቃል። መረጃን ለአጭር ጊዜ በአእምሮ ይዞ የመቆየት ችሎታም ብዙ ጊዜ ስለሚዳከም ጠዋት የቆረጡት ውሳኔ ሌሊት ላይ በቦታው አይገኝም። ስለዚህ ምክንያቱ በከፊል ከሕመሙ ነው፤ ዕዳው ግን ያው የእርስዎ ነው።

ሌሊት ነው ማለትዎ ትኩረቴን ስቧል። እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ የኤዲኤችዲ መድኃኒቶች ዶፓሚንና ኖርኤፒኔፍሪን የሚባሉትን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች መጠን ከፍ በማድረግ ሳያስቡ የማድረግን ግፊት ይገታሉ፤ ጠዋት የተወሰደው ግን ማታ ላይ ኃይሉ ያልቃል። የሚወስዱ ከሆነ ግዢው የሚበረታበትን ሰዓት ለሐኪምዎ ይንገሩ እንጂ በራስዎ መጠን አይጨምሩ። በተጨማሪም ወጪው በተወሰኑ ቀናት ብቻ የሚፈነዳ፣ በእነዚያ ቀናትም እንቅልፍ ሳይተኙ ድካም የማይሰማዎት ከሆነ ይህ ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ይመርመሩ።

መልስ 3

እኔ በማዶው በኩል ያለሁ ሰው ነኝ፤ ችግሩ ያለበት ባለቤቴ ነው። ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ ያቆሰለኝ መደበቁ ነበር። መጀመሪያ ካርዱን ቀምቼ ገንዘብ ያዥ ሆንኩ፤ እናትና ልጅ መሰልንና ተውነው። አሁን ከተስማማንበት መጠን በላይ የሆነ ነገር ሲያምረው ከመግዛቱ በፊት ይነግረኛል፤ እኔም አልከለክልም፣ «የት እናስቀምጠዋለን?» ብቻ እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ ራሱ ይስቅና ይተወዋል። የእርስዎን የታሸጉ ዕቃዎች በተመለከተ የመመለሻ ጊዜያቸው ያላለፈውን ለይታችሁ አብራችሁ መልሱ፤ መመለስ ራሱ አሰልቺ ሥራ ስለሆነ ለብቻዎ ከተተወ ይረሳል።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መድኃኒቱን የምወስደው ጠዋት ነው፤ ከሌሊቱ ግዢ ጋር ግን አያይዤው አላውቅም ነበር፤ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ አነሣዋለሁ። እንቅልፌ ደህና ነው። ከታሸጉት ውስጥ ሁለቱ አሁንም መመለስ ይችላሉ፤ ለትዳር አጋሬ እንዴት እንደምጀምርላት ገና አላወቅሁም። ካርዱን ግን ሳሎን አስቀምጬ መጣሁ።