ርቀቱን ማን ይክፈል? ክርክር ስለ ሠራተኛ መኖሪያና ስለ አሠሪ ግዴታ

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሠራተኛ በሥራ ቦታው አቅራቢያ በደመወዙ ሊከራየው የሚችል ቤት ሲያጣ፣ ከሩቅ የመመላለሱን ወይም ቅርብ የመከራየቱን ተጨማሪ ወጪ አሠሪው እንዲጋራው በሕግ ሊገደድ ይገባል ወይስ አይገባም? ባለፈው ውይይት የኪራይ ጣሪያ፣ ማለትም አከራይ ሊያስከፍል የሚችለው ከፍተኛው ኪራይ በሕግ የመወሰኑ ጉዳይ፣ ተነሥቶ ሳይቋጭ ስለቀረ ከዚህ ጋር አያይዞ ማንሣት ይቻላል።

ነርሷ፦ ይገባል ባይ ነኝ። ቤት የተወደደበት ሰው ዘወትር የሚሰጠው ምክር «ራቅ ብለህ ፈልግ» የሚል ነው፤ ምክሩ ግን ኪራዩን ብቻ አይቶ መንገዱን ይረሳል። ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ እንዳይበልጥ የሚባለው የተለመደ ልክ እንኳ፣ በአሜሪካ ለመንግሥት ቤት ተከራዮች እ.ኤ.አ. በ1969 በ25 በመቶ ተወስኖ በ1981 ወደ 30 ከፍ ያለ ነው እንጂ ሠራተኛው ከቤቱ እስከ ሥራው ለመድረስ ምን ያህል እንደሚያወጣ አይጠይቅም። በዚያው አገር መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገው የሰፈር ቴክኖሎጂ ማዕከል የተባለ ድርጅት፣ የቤትና የመጓጓዣ ወጪ ተደምረው ከገቢ 45 በመቶ እንዳያልፉ የሚል መለኪያ ያወጣው ይህን ጉድለት ተመልክቶ ነው።

ከሙያዬ አንድ ነገር ልጥቀስ። የማታ ተረኛ ነርስ በሽተኞቿን አስረክባ ስትወጣ የሕዝብ ማመላለሻው ሥራውን ጨርሷል። ከከተማው ዳር የምትኖር ከሆነ ያላት ምርጫ ወይ የቀን ገቢዋን የሚበላ ታክሲ መያዝ፣ ወይ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሁለት ወንበር ገጥማ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች እስኪነጋ ጋደም ማለት ነው። በማግስቱ ከሰዓት ደግሞ ተመልሳ ትገባለች። በዚያ ሰዓት መገኘቷ የሚጠቅመው ሆስፒታሉን ሆኖ ሳለ የርቀቱ ዕዳ የእርሷ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሥራ አስኪያጁ፦ በችግሩ ላይ ከእህቴ ጋር ልዩነት የለኝም፤ የምለየው በመድኃኒቱ ነው። አሠሪ በሠራተኛው መኖሪያ ጉዳይ እጁን ሲያስገባ ምን እንደሚከተል ታሪክ አሳይቶናል። ጆርጅ ፑልማን የተባለው የባቡር ፉርጎ አምራች በቺካጎ አጠገብ ለሠራተኞቹ ራሷን የቻለች ከተማ ሠርቶ ቤቶቹን ያከራያቸው ነበር። የ1893ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ደመወዛቸውን ቀነሰ፣ ኪራዩን ግን እንዳለ ተወው፤ በ1894 የአገሪቱን የባቡር መስመሮች ያሽመደመደው የሥራ ማቆም አድማ የተነሣውም ከዚህ ነው። ቀጣሪና አከራይ አንድ ሰው ሲሆኑ ሠራተኛው ከሥራ በወጣበት ቀን ከቤቱም ይወጣል።

ቤቱ ቀርቶ ገንዘብ ይስጥ ቢባልም ሌላ ችግር አለ። ሕጉ በርቀት ልክ እንድከፍል ካዘዘኝ፣ እኩል ችሎታ ያላቸው ሁለት አመልካቾች ሲቀርቡልኝ አስቀድሜ የማየው አድራሻቸውን ነው። ይህን በአደባባይ የሚናገር ሥራ አስኪያጅ አታገኙም፤ የማያደርገው ግን ጥቂት ነው። ሕጉ ሊረዳው የተነሣው የዳር ነዋሪ ቤቱን ሳያገኝ ሥራውንም ያጣል ማለት ነው።

ነርሷ፦ አሠሪ አከራይ ይሁን ያለ ስለሌለ የፑልማን ታሪክ እኔን አይመለከትም። የአድራሻው ጉዳይ ግን ከባድ ነጥብ ስለሆነ በቀጥታ ልመልስ። መዋጮው በእያንዳንዱ ሠራተኛ ርቀት ሳይሆን በድርጅቱ ጠቅላላ የደመወዝ ክፍያ ላይ ቢሰላ፣ ማን የት እንደሚኖር ማወቁ ለቀጣሪው የሚያስገኘው ጥቅም አይኖርም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1953 የደነገገችው ይህንኑ ነው፤ ድርጅቶች ከደመወዝ ክፍያቸው 1 በመቶ ለሠራተኛ መኖሪያ እንዲያውሉ ታዘዘ፤ ዛሬ መጠኑ ወደ 0.45 በመቶ ወርዶ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች ይመለከታል። ገንዘቡ ወደ አንድ የጋራ ተቋም ገብቶ ቤት ይሠራበታል፣ ብድርም ይሰጥበታል። ከዚህ ሌላ የዚያ አገር አሠሪ ሠራተኛው ለሕዝብ ማመላለሻ ደንበኝነት ከሚከፍለው ግማሹን የመመለስ ግዴታ አለበት። በጃፓንም የመመላለሻ አበል መክፈል በድርጅቶች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ መንግሥት በወር እስከ 150,000 የን ድረስ ያለውን ከግብር ነፃ አድርጎታል። በሁለቱም አገሮች በዚህ ሰበብ የተዘጋ ፋብሪካ አልሰማሁም።

አከራዩ፦ ሁላችሁም በጨዋነት ያለፋችሁትን እኔ ልናገረው። መሥሪያ ቤቶች በሚበዙበት ሰፈር የማከራየው ክፍል አለኝ። መለቀቁ በተሰማበት ቀን ሊያዩት የሚመጡት ሰዎች ደረጃው ላይ እርስ በርስ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ገና ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ሲመለከት ሌላው በሩ ላይ ቆሞ ቀብድ ልስጥ ይላል። ለእነዚህ ሁሉ አሠሪዎቻቸው የቤት አበል ቢጨምሩላቸው የእኔ ክፍል ሁለት አይሆንም፤ የሚጨምረው የሚያቀርቡልኝ ዋጋ ነው። አልቀበልም የምል ጻድቅም አይደለሁም።

የምጣኔ ሀብት መምህሩ፦ የአከራዩ ቃል በጥናት የተደገፈ ነው። ጋብሪዬል ፋክ የተባለች ተመራማሪ ስለ ፈረንሳይ የቤት ድጎማ በ2006 ባሳተመችው ጥናት፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተከራዮች ከተጨመረው ከእያንዳንዱ 1 ዩሮ ውስጥ 78 ሳንቲሙ በኪራይ ጭማሪ መልክ ለአከራይ እንደደረሰ አሳይታለች። ዊልያም አሎንሶ የተባለ የከተማ ጥናት ምሁር በ1964 በጻፈው ንድፈ ሐሳብም የቦታ ዋጋ ከሥራ ማዕከሉ በራቁ ቁጥር የሚወርደው የመመላለሻው ወጪ ስለሚጨምር ነው፤ ሰው ከሁለቱ በአንዱ ይከፍላል። እህታችን ያቀረበችው መዋጮ አበል ሆኖ ለሠራተኛው ከተከፋፈለ ወደ አከራዩ ኪስ ይፈስሳል፤ የሚረባው ቤት ከተሠራበት ብቻ ነው።

የኪራይ ጣሪያውንም ብንመለከት ውጤቱ ሁለት መልክ አለው። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ1994 የኪራይ ቁጥጥሩን ከ1980 በፊት ወደ ተሠሩ ትናንሽ የጋራ ቤቶች አስፋፍቶ ነበር። በ2019 የታተመው የሦስት ተመራማሪዎች ጥናት፣ በጣሪያው ሥር የገቡት ተከራዮች ከሰፈራቸው ሳይፈናቀሉ መቆየታቸውን አረጋግጧል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ሕጉ የነካቸው አከራዮች ቤቱን እየሸጡና ለሌላ አገልግሎት እያዋሉ የኪራይ አቅርቦታቸውን በ15 በመቶ በመቀነሳቸው፣ በከተማው አጠቃላይ ኪራይ በ5.1 በመቶ ጨመረ። አዲስ ሥራ ያገኘና አጠገቡ ቤት የሚፈልግ ሰው፣ ማለትም የዛሬው ርዕሳችን፣ የሚገኘው ከጣሪያው ውጭ ነው።

ስለዚህ ለአወያዩ ጥያቄ ሦስተኛ መልስ አለኝ። መንግሥት ባቡሩን ሲዘረጋ፣ አሠሪው መሥሪያ ቤቱን ሲከፍት፣ ሠራተኛውም ጉልበቱን ይዞ ሲመጣ የቦታው ዋጋ ይንራል፤ ጭማሪውን ጠቅልሎ የሚወስደው ግን ምንም ያልጨመረው ባለ ቦታ ነው። ርቀቱን መክፈል ያለበት በቅርበቱ የሚያተርፈው ሰው ነው እላለሁ። ቪየና በ1923 ለቅንጦት ቤቶች እጅግ ከፍ የሚል የቤት ግንባታ ግብር ጥላ፣ ከዚህና ከሌላ ገቢዋ እስከ 1934 ድረስ ከ60,000 በላይ መኖሪያዎች ገንብታለች። ዛሬም ከነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት በማዘጋጃ ቤቱ ወይም በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ነው። የቪየና ግብር የተጣለው በቤቶቹ ላይ ነበር፤ እኔ ግን በቦታው ዋጋ ላይ ቢጣል እመርጣለሁ።

አከራዩ፦ መምህር፣ ይጣልብኝ። ግብሩን በኪራዩ ላይ ደምሬ ከተከራዩ አስመልሰዋለሁ።

መምህሩ፦ ከተከራዩ ላይ ገና ያልወሰዱት ትርፍ ካለ ነዋ! ቀብድ ይዘው በር ላይ ከሚቆሙት ሰዎች የተሻለውን ዋጋ እንደሚቀበሉ ነግረውናል። ግብሩ የፈላጊውን አቅም አይጨምርም፤ የቦታውንም ስፋት አይቀንስም። ቦታውን ባዶ አስቀምጠው ቢጠብቁም ግብሩ ስለማይቀርልዎ፣ ማከራየትና ፎቅ መጨመር ያዋጣዎታል። በሕንፃው ላይ የተጣለ ግብር ቢሆን ግን መሥራትን ስለሚያስወድድ የሚሉት እውነት በሆነ ነበር።

አዲስ ተቀጣሪው፦ መምህራችን የጠቀሷቸው ቤቶች ተሠርተው እስኪያልቁ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅተዋል፤ እኔ ደግሞ ክፍል የምፈልገው ለዚህ ወር ነው። እንደ እኔ ያለውን ሰው ከሥራ ቦታው የሚያርቀው ሁልጊዜ ወርኃዊው ኪራይ አይደለም። በሥራ ቦታዬ አጠገብ ከጓደኛ ጋር ተጋርቼ በየወሩ ልከፍለው የምችለው ክፍል አግኝቼ ነበር፤ ያመለጠኝ አከራዩ የብዙ ወር ኪራይ በቅድሚያ፣ ሌላም በመያዣ ስለጠየቁኝ ነው። የመጀመሪያ ደመወዜ ገና አልደረሰም። ስለዚህ ወደ ዳር ወጣሁ፤ አሁን ደግሞ የመመላለሻው ወጪ ቅድመ ክፍያውን እንዳላጠራቅም ያደርገኛል። ፈረንሳይ ከአሠሪዎች በምታሰባስበው በዚያ ገንዘብ ለተከራዩ መያዣውን ያለ ወለድ የምታበድርበት አሠራር አላት። ከአበል ይልቅ ይህ ይበጀናል ባይ ነኝ፤ ብድሩ ስለሚመለስ ያው ገንዘብ ለሌላ ሰው ይደርሳል።

ሥራ አስኪያጁ፦ ይህን በፈቃዴ ላደርገው የምችለው ነገር ነው፤ ከደመወዝ በየወሩ እየተቀነሰ ይመለሳል። ሆኖም ብድሩን የሰጠሁት እኔ ከሆንኩ ሠራተኛው ዕዳውን ሳይጨርስ የተሻለ ሥራ ቢያገኝ እንዴት ይሄዳል? የፑልማንን ታሪክ ያነሣሁት ይህን ፈርቼ ነው።

ነርሷ፦ ስለዚህ አበዳሪው የጋራው ተቋም እንጂ ቀጣሪው አይሁን።

ሥራ አስኪያጁ፦ እንበልና ሆነ። መዋጮው 50 ሠራተኛ ካላቸው ድርጅቶች ብቻ ከተሰበሰበ፣ በትንሽ ሱቅ ወይም በትንሽ ጋራዥ የሚሠራው ሰው የት ይግባ? ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለው አብዛኛው እዚያ ነው። ትንንሾቹንም አስገቡ ካላችሁኝ፣ ባለ ጋራዡ መዋጮውን ከቀጣዩ የደመወዝ ጭማሪ ላይ ይቀንሰዋል፤ ከፋዩ ተመልሶ ሠራተኛው ራሱ ይሆናል።

ነርሷ፦ አዋጪና ተበዳሪ አንድ ይሁኑ የሚል ሕግ የለም። ትላልቆቹ ያዋጡ፣ ብድሩ ግን ለማንኛውም ተቀጣሪ ክፍት ይሁን። የትልቁ ሆስፒታል ወለል በውል በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ሠራተኞች እንደሚጸዳ አይዘንጉ፤ እነርሱም ሌሊት የሚወጡት እንደ እኛ ነው።

ሥራ አስኪያጁ፦ የትልቅ ድርጅት ኃላፊ እንደመሆኔ ለሌላው ድርጅት ሠራተኛ በግዴታ እንዳዋጣ የሚያደርገኝን ሕግ አልደግፍም። በውል ለሚሠሩልኝ ከሆነ ግን ልነጋገር እችላለሁ።

አወያይ፦ የኪራይ ጣሪያውም ሆነ የቦታ ግብሩ ራሱን የቻለ ክርክር ስለሚያስፈልገው ለሌላ ጊዜ ይቆይልኝ። ለድምፅ የሚቀርበው ጥያቄ በሚከተለው መልክ ተሻሽሏል፦ «ትላልቅ አሠሪዎች በደመወዝ ክፍያቸው ልክ ወደ ጋራ ተቋም በግዴታ እንዲያዋጡ፣ ተቋሙም የኪራይ ቅድመ ክፍያና መያዣ ለማንኛውም ተቀጣሪ ያለ ወለድ እንዲያበድር እደግፋለሁ።» በውል የሚሠሩ የትናንሽ ድርጅቶች ሠራተኞች ብቻ ይካተቱ የምትሉ፣ ይህንኑ ከድምፃችሁ ጋር ጻፉ።