«ሳቲ ሆነች» እንዴት ይተርጎም?

ብሌን፦
ስለ ሕንዷ ግዛት ራጃስታን የሚያወሳ ጽሑፍ ስተረጉም «ባሏ በሞተ ዕለት ሳቲ ሆነች» የሚል ዐረፍተ ነገር ላይ ቆምሁ። እኔ «ከባሏ አስከሬን ጋር ተቃጠለች» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አራሚዬ ሰርዞ «ሰማዕት ሆነች» አለው። የትኛው ይቀርባል?

ዘቅኔ፦
እኅቴ፣ ቃሉ ከግእዙ «እሳት» የራቀ አይመስለኝም፤ «እ» በጉዞ ተጎርዳ ይሆናል። በቅኔ ቤት የቆየ ሰው እንዲህ ያለው ዝምድና አይጠፋውም።

የልሳን ተማሪ፦
መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። «እሳት» የዕብራይስጡ «ኤሽ» ዘመድ ሲሆን ታው የአንስታይ ምልክት ናት። «ሳቲ» ግን በሳንስክሪት «መሆን» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ «እውነተኛ፣ ደግ» የሚል ፍቺ ያለው የ«ሳት» አንስታይ ነው። የሚጠራውም ሴቲቱን ነበር፤ ድርጊቱ «ሳሃጋማና»፣ አብሮ መሄድ፣ ይባል ነበር።

ዘቅኔ፦
እንግዲያስ «ጻድቅት» ይባል፤ ከ«ሰማዕት» ይልቅ ለሥሩ የታመነ ነው።

ወለተ ማርያም፦
እዚህ ላይ ቆም እንበል። በሂንዱ አፈ ታሪክ የዳክሻ ልጅ የሆነችው፣ ሳቲ የምትባለው እንስት አምላክ መበለት አልነበረችም። አባቷ ለመሥዋዕቱ በዓል ባሏን አምላክ ሺቫን ሳይጠራ ቀርቶ ስላዋረደው ሕይወቷን ሠዋች፤ ሺቫ ግን በሕይወት ነበር። ራማያና በተባለው የሂንዱ ጥንታዊ ግጥም የራማ ሚስት ሲታም ንጽሕናዋን ልታስመሰክር ወደ እሳት ገብታ ሳትቃጠል ወጥታለች። ከሁለቱ ታሪክ ውዳሴው ብቻ ተወስዶ ባሏ ለሞተባት ሴት ግዴታ ሆነ። በራጃስታኗ ከተማ በጆድፑር የመህራንጋር ምሽግ በር ላይ የተቀረጹትን የመዳፍ ምልክቶች ተመልከቱ፤ በ1843 እ.ኤ.አ. ማሃራጃ ማን ሲንግ ሲሞት አብረው የተቃጠሉ ሚስቶቹ መታሰቢያ ናቸው፣ ዛሬም ቀይ ቀለም እየተቀቡ ይከበራሉ።

ዘቅኔ፦
ታሪኩን አልክድም፤ የጠየቅነው ግን ስለ ቃሉ ነው።

ወለተ ማርያም፦
መምህር፣ እኔም ስለ ቃሉ ነው የምናገረው። የእንግሊዙ ገዥ ዊሊያም ቤንቲንክ በ1829 እ.ኤ.አ. በቤንጋል ልማዱን ከከለከለ ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. በራጃስታኗ ዴኦራላ መንደር አንዲት የ18 ዓመት መበለት ተቃጠለች፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም ሊያከብራት ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ የወጣው የሕንድ ሕግ ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን ማወደሱንም ይቀጣል። «ጻድቅት» ብንል የምንተረጉመው ያንን ውዳሴ ነው።

የልሳን ተማሪ፦
«ሰማዕት»ም «ሰምዐ» ከሚለው የወጣ፣ ምስክር ማለት ነው፤ ምስክርነቷን ከራሷ አፍ የሰማው ማን ነው?

ዘቅኔ፦
የሥሩ ትርጉም ደግነት ከሆነ በምን ልንሽረው እንችላለን?

ወለተ ማርያም፦
ብሌን፣ ዐረፍተ ነገሩ የማን ንግግር ነው? የጸሐፊው ነው ወይስ የባሏ ወገኖች?