ላፕቶፔ ላይ ይሰራል፣ ክላውድ ላይ 502 ይላል

ጀማሪው፦ ሰላም ጓዶች፣ ለአክስቴ ሱቅ የእቃ መመዝገቢያ አፕ በፍላስክ (የፓይተን ዌብ መስሪያ) ሰርቼ ቴስቱ በሙሉ አለፈ፣ ክላውድ ላይ ስጭነው ግን ቢልዱ ተሳካ ይልና ሊንኩን ስከፍተው 502 (ከአፑ መልስ አልመጣም የሚል ስህተት) 😩 ሎጉ ላይ ያለው ራኒንግ ኦን 127.0.0.1 ፖርት 5000 ብቻ ነው፣ ሁለት ቀን ሆነኝ እባካችሁ

ቡናናኮድ፦ ወንድሜ መልሱ እኮ ሎጉ ላይ አለልህ። 127.0.0.1 ማለት አፑ ከራሱ ኮንቴነር (አፑ ታሽጎ ከሚሰራበት ሳጥን) ውስጥ የመጣውን ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከውጭ ሲንኳኳ አይከፍትም። ሆስቱን 0.0.0.0 አድርገው (ከውጭ የመጣውንም ስማ ማለት ነው)፣ ፖርቱንም 5000 ብለህ አትቸክለው፣ ብዙዎቹ ክላውዶች ፖርት በሚባል ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ በሚቀመጥ ሴቲንግ) ነው የሚሰጡህ ከዛ አንብበው። ደሞ የፍላስኩ የራሱ ሰርቨር ለመስሪያ ነው እንጂ ለሰው አይከፈትም፣ በጉኒኮርን (ለእውነተኛ ተጠቃሚ በሚሆን የፓይተን ሰርቨር) አስነሳው

ጀማሪው፦ እሺ ግን ቴስቱ ለምን አልያዘውም??

ቡናናኮድ፦ የፍላስክ ቴስት ክላየንት ኔትወርክ ጭራሽ አይነካም፣ አፑን በቀጥታ ነው የሚጠራው። ከመጫንህ በፊት ኮንቴነሩን ላፕቶፕህ ላይ አስነስተህ በብሮውዘር ሞክረው

ሚጣ፦ ዳታቤዝህ ኤስኪውላይት (ሁሉን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጠው) እንዳይሆን ብቻ! ብዙ ቦታ ዲስኩ ጊዜያዊ ነው፣ እንደገና ዲፕሎይ ስታደርግ (ስትጭን) ፋይሉ ይጠፋል፣ እኔ የሶስት ሳምንት መዝገብ እንዲሁ በላብኝ። ወደ ፖስትግረስ (ለብቻው ሰርቨር ሆኖ ወደሚሰራ ዳታቤዝ) አዙረው

ጀማሪው፦ ተከፈተ!! ኤስኪውላይት ነበር በነገራችን ላይ 😅 ዛሬ ማታ አዞረዋለሁ