መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ፤ በካንሰር ክፍል ስለሚዛመት ጉንፋን የምታውቁ ምከሩኝ

የሳቢያን እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ታናሽ ወንድሜ የደም ካንሰር ታማሚ ነው። ሁለተኛ ዙር ኬሞውን ለመውሰድ ኅዳር 8 ቀን ሆስፒታል ተኛ፤ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ሆስፒታሉ ከድሬ ውጪ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። የመጣሁት መልስ ፍለጋ እንጂ ሰው ለመክሰስ አይደለም።

ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። በሁለት አልጋዎች መካከል ወንበር ስባችሁ ከተቀመጣችሁ ጉልበታችሁ የጎረቤትን ብርድ ልብስ ይነካል። በየአልጋው ሥር አንድ አስታማሚ ምንጣፍ አንጥፎ ስለሚያድር ሌሊት አሥራ ሁለት ሰው እንሆናለን። ከአጠገባችን፣ አልጋ ቁጥር አራት ላይ፣ ከጭሮ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ወንድሜን «ልጄ፣ ብላ እንጂ» እያሉ ከአጥሚታቸው ያካፍሉት ነበር። ከተማው ደጋ ነው፤ የኅዳር ሌሊቱን የድሬ ሰው አይችለውም። ነርሷ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ትከፍታለች፤ እርሷ ስትወጣ እኔ ተነሥቼ እዘጋዋለሁ። ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ነበር። እኒያ አባትም «ተባረኪ» ይሉኝ ነበር።

ኅዳር 10 የሚያስታምማቸው ልጃቸው ማሳል ጀመረ። «የመንገድ አቧራ ነው» አለ፤ ማናችንም አልደነገጥንም። እንዲያውም ዳማከሴ ፈልገን አሽተን ሰጠነው። ኅዳር 13 አባትየው ሳል ያዛቸው። ኅዳር 15 የወንድሜ አፍንጫ መፍሰስ ጀመረ፤ ማታ ትኩሳቱ 38.6 ደረሰ። በማግስቱ አልጋ ቁጥር ስድስት፣ ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋ ታመሙ። የወንድሜ ኒውትሮፊል፣ ማለትም ኢንፌክሽን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴሉ፣ በዚያ ሰሞን 300 ነበር፤ ሐኪሙ ቁጥሩን ሲያነብ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ወንድሜ ዘጠኝ ቀን ኦክስጅን ላይ ቆይቶ ተመስገን ተረፈ። ሦስተኛው ዙር ኬሞ ግን ሦስት ሳምንት ተገፋ። የጭሮው አባት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተወሰዱ፤ አልተመለሱም። ፔርሙሳቸው ሁለት ቀን ሙሉ ኮመዲኖው ላይ ቆሞ ነበር። ማንሣት የደፈረ አልነበረም።

እንቅልፍ የነሣኝ ሌላም ነገር አለ። ኅዳር 9 ባለቤቴ ልጃችንን ይዞ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩሏ ነው፤ አፍንጫዋ ይፈስ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አልገባችም። እኔ ግን ግቢው ውስጥ ታቀፍኳት፤ አፍንጫዋን በነጠላዬ ጠረግኩላት፤ ከዚያ ተመልሼ ገባሁና ወንድሜን በእጄ አጎረስኩት።

ምን እንደነበር አናውቅም፤ የአፍንጫ ናሙና አልተወሰደም። ሦስት ነገር ንገሩኝ። በሽታውን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ? መስኮቱን መዝጋቴስ አባብሶታል? ደግሞም የሚቀጥለው ዙር ታኅሣሥ 27 ስለሚጀምር ገናን እዚያው ነው የምንውለው። ያኔ ዘመድ ይጎርፋል። አሁንም ቤታችን ከጠያቂ አልጎደለም። ሙዝና ብርቱካን ይዛ የመጣችን አክስት «እያሳልሽ አትግቢ» እንዴት ይባላል?

ነርስ ከሐረር፦

እህቴ፣ ለዘመድሽ እንደምመልስ እመልስልሻለሁ። በካንሰር ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የጭሮው ሰው ልጅ ማሳል የጀመረው ኅዳር 10 ነው፤ ያንቺ ልጅ የመጣችው 9 ነው፤ እርሱን አላገኘችውም። ስለዚህ የእርሱ ሳል ከልጅሽ የመጣ አይመስልም። ኢንፍሉዌንዛ ከያዘን ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ምልክት ያሳያል። አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስ ግን ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ይወስዳል። ወንድምሽ የታመመው ልጅሽን ባቀፍሽ በስድስተኛው ቀን ነው፤ ሳል ካለበት ሰው ጋር አንድ ክፍል ማደር ከጀመረ ደግሞ በአምስተኛው። ሁለቱም መንገድ ይቻላል። ናሙና ካልተወሰደ ከየትኛው እንደመጣ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። እኔም ልሸነግልሽ ብዬ «ከአንቺ አይደለም» አልልሽም። ነገር ግን በዚያ ክፍል ቫይረሱ መንገድ ያጣ አልነበረም።

አርኤስቪን ማወቅ አለብሽ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የማይይዘው ሕፃን የለም ማለት ይቻላል። ሕፃኑ አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስለዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ይድናል። ያው ቫይረስ ነጭ የደም ሴሉ ያለቀበትን ሰው ሲያገኝ ግን ከጉሮሮ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ፓራኢንፍሉዌንዛና ሜታኒሞቫይረስ የሚባሉት የመተንፈሻ ቫይረሶችም እንዲሁ ናቸው። ኒውትሮፊል ብዙውን ጊዜ ኬሞ ከተሰጠ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ከሁሉም በታች ይወርዳል። ከ500 ካነሰ አደጋ ነው። ሌላው ሰው «ቀላል ጉንፋን» የሚለው ነገር በእነዚያ ቀናት ለወንድምሽ ቀላል አይደለም።

ደግሞ ቫይረሱ የሚተላለፈው በሳል ብቻ አይደለም። አርኤስቪ በጠንካራ ዕቃ ላይ፣ በአልጋ ብረት፣ በኮመዲኖ፣ በበር እጀታ፣ ለሰዓታት ይቆያል። ኢንፍሉዌንዛ እንደ ብረትና ፕላስቲክ ባለ ጠንካራ ዕቃ ላይ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። እጅ ይነካዋል፤ እጅ ወደ ዐይንና ወደ አፍንጫ ይሄዳል። በሳሙና ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ በአልኮል ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ታሹታላችሁ። ከማጉረስሽ በፊት ይህን ማድረግ የግድ ነው።

መስኮቱን በተመለከተ፦ አዎ፣ መከፈት ነበረበት። የእነዚህ በሽታዎች መነሻ ቫይረስ እንጂ ብርድ አይደለም። አሥራ ሁለት ሰው በተዘጋ ክፍል ሲያድር አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ይተነፍሳል። ግን ስሚኝ፤ መስኮት የማይዘጋ አስታማሚ በሥራ ዘመኔ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ሁላችንም «ብርድ መታው» እየተባለ ያደግን ነን። ጥፋቱ ለምን እንደምንከፍተው ሳንነግራችሁ ከፍተን የምንወጣው የእኛም ነው። ሌላም ልናገር፦ እኔ ራሴ ጉንፋን ይዞኝ ፈረቃ ገብቼ አውቃለሁ፤ የሚተካኝ ስላልነበረ። ዛሬ ቢሆን አልገባም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። በጀርመን ሃይደልበርግ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወደ 2012 በተሻገረው የብርድ ወቅት፣ በደም ካንሰርና በመቅኔ ንቅለ ተከላ ክፍል ውስጥ አርኤስቪ ከሀምሳ በላይ ሕሙማንን ይዟል፤ የሞቱም ነበሩ። አቅም ባለው ሆስፒታልም ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱን ወረርሽኝ የሚገታው ውድ መድኃኒት አይደለም፤ የሚያስሉትን ለይቶ ማስተኛት፣ ጭንብል፣ እጅ መታጠብ፣ የታመመ ሠራተኛና ጠያቂ አለማስገባት ነው።

አሁን ለታኅሣሥ 27 ሦስት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ ስትገቡ «ባለፈው ዙር የመተንፈሻ ኢንፌክሽን ነበረበት» ብለሽ ንገሪ። መከላከያው የደከመ ሰው ቫይረሱን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከአፍንጫው ሊያወጣ ይችላል፤ ደኅና ቢመስልም ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ማሳል ሲጀምር ለነርስ ወዲያው ንገሪ፤ ማሳበቅ አይደለም፤ የሚያስለውንም ሰው ያድነዋል። ሦስተኛ፣ ወደ ቤት ስትመለሱ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። አንድ ጊዜ 38.3 ካሳየ ወይም 38.0 ለአንድ ሰዓት ከቆየ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰጂው። ፓራሲታሞል ሰጥተሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። ጉንፋኑ የቫይረስ ቢሆን እንኳ ባክቴሪያ ተደርቦ ሊሆን ስለሚችል አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ መጀመር አለበት።

የመጋላ ልጅ፦

ሲስተር ያሉት እውነት ይሆናል። እኔ ግን እናቴ በኮቪድ ጊዜ ያለ ጠያቂ ሞታለች። በመስታወት ውስጥ ነው ያየኋት። እኛ ድሬዎች ሰው ሲታመም ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል እንሄዳለን፤ ከዚህ የተረፈን ሀብት የለንም። አሁን ደግሞ ጠያቂን ከበር መልሱ ስትሉ ደረቴ ይዘጋል። ብቸኝነትም ይገድላል። ታማሚውስ ምን ይላል? እርሱን የጠየቀው አለ?

የከዚራ ነዋሪ፦

ወንድሜ፣ እናትህን ነፍስ ይማር። ሕመምህ ይገባኛል። እኔም ባለቤቴን ለስምንት ወር ኬሞ አስታምሜያለሁ፤ ጠያቂን አልከለከልንም፤ የምንቀበልበትን ቦታ ቀየርን እንጂ።

ግቢያችን ውስጥ የኒም ዛፍ አለ። ወንበሮቹን ከሳሎን አውጥተን ከጥላው ሥር ደረደርን። በሩ ላይ ቧንቧ ያለው ጄሪካንና ሳሙና አስቀመጥን። ስሞ ሰላምታ ቀረ፤ እጅ ደረት ላይ ይደረጋል። ሕፃናት ኬሞ በወሰደች በሁለተኛው ሳምንት አይመጡም። ይህን ለእያንዳንዱ ሰው የተናገርኩት እኔ አይደለሁም፤ ያ ቢሆን ኖሮ ከግማሹ ዘመድ ጋር እንጣላ ነበር። የአፎቻችንን፣ እንደ ዕድር ያለውን የመረዳጃ ማኅበራችንን፣ ሰብሳቢ ሄጄ አስረዳኋቸው። እርሳቸው በወሩ ስብሰባ ላይ «ሐኪም አዟል፤ ያሳለው በስልክ ይጠይቅ፤ ስልኩም ጥየቃ ነው» ብለው ተናገሩ። የባለቤቴ እናት ደግሞ ለዕድራቸው ሴቶች ነገሩ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አልተቀየመም። አንዲት ጎረቤታችን ጉንፋን በያዛት ሳምንት ሹርባ ሠርታ በልጇ እጅ በር ላይ አስቀምጣ ሄዳለች። ባለቤቴ እስከ ዛሬ የምታነሣው ያንን ሹርባ ነው።

አክስትሽን አንቺ ራስሽ አትመልሺያት፤ የምታከብረው ሰው ይንገራት።

የሳቢያን እህት፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ጽሑፍዎን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ «ሁለቱም መንገድ ይቻላል» የሚለው ጋ ስደርስ አቋርጬ ወጣሁ። ቢሆንም ስላልዋሹኝ አመሰግናለሁ።

የመጋላው ወንድሜ፣ «ታማሚውን የጠየቀው አለ?» ያልከው አስተኝቶ አላሳደረኝም። ጠዋት ጠየቅኩት። «የሚመጡት ይምጡ፤ ግን እኔ ልብሴን ለብሼ ውጪ ተቀምጬ ልቀበላቸው፤ አልጋ ላይ ተኝቼ ሲያለቅሱብኝ አልወድም» አለኝ። እኛም የኒም ዛፍ አለን። ትናንት ሁለት ጓደኞቹ መጥተው ራቅ ብለው ተቀምጠው እስኪመሽ ስለ ኳስ ሲከራከሩ ዋሉ። ለአክስታችን አባቴ ሊነግራት ሄዷል።

ለጭሮው ሰው ልጅ ደወልኩለት፤ ስልክ ተለዋውጠን ነበር። ለአባቱ አርባ እየተዘጋጁ ነው። ስለ መስኮቱ ነገርኩት፤ እኔ እዘጋው እንደነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አንቺ ስትዘጊው እኔ ጋቢዬን ስንጥቁ ላይ እወትፍ ነበር» አለኝ። ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ ቆየን።

ለወንድሜ ከታይዋን ገበያ የሱፍ ኮፍያና ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ ገዝቻለሁ፤ መስኮቱ ተከፍቶ ስለምናድር። ሲስተር፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ቀን የለበስኩትን ነጠላ እስካሁን በፌስታል ቋጥሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ልነካው አልቻልኩም። በበረኪና ልዘፍዝፈው ወይስ ላቃጥለው?

ነርስ ከሐረር፦

አታቃጥዪው። በረኪናም ጥለቱን ያበላሽብሻል። ከዚህ ሁሉ ቀን በኋላ ቫይረስ የለበትም። በሳሙናና በውኃ እጠቢውና ፀሐይ ላይ አስጪው።