ከጎንደር ሆኜ የዳላስ ፍርድ ቤት ያዘዘብኝን የመጠጥ ክላስ እንዴት ልጨርስ?

የአዘዞው ልጅ፦
ሰላም ያገሬ ልጆች። ነገሩ ስለሚያሳፍረኝ ስሜን አልጽፍም። የምኖረው ዳላስ ነው። ዓምና ጥር ላይ ከሰርግ ስመለስ ፖሊስ አስቆመኝ። በአልኮል መለኪያው ስነፋ 0.11 አለ፤ የቴክሳስ ሕግ ወሰኑ 0.08 ነው። ክርክር የለውም፣ ጠጥቻለሁ። ሰኔ ላይ ዳኛው ፕሮቤሽን (በእስር ፈንታ በክትትል መቆየት) ሰጠኝና ስለ መጠጥና መንዳት የ12 ሰዓት ትምህርት አዘዘብኝ። በኦንላይን፣ ሦስት ሦስት ሰዓት፣ በአራት ቀን የሚያልቅ። ዛሬ ነገ እያልኩ ቆይቼ መስከረም ላይ ጀመርኩት። ሁለቱን እንደጨረስኩ እናቴ ዓይኗን ልትታከም ነው ተባለና ወደ ጎንደር መጣሁ። ፕሮቤሽን ኦፊሰሯን አስፈቅጃለሁ፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ክላሱ ማክሰኞና ሐሙስ በዳላስ ከምሽቱ 6 ሰዓት ነው። በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ብዬ አሰላሁ። ለረቡዕ አጥቢያ ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሰው የለም። ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩና ተሰርዟል ብዬ ተኛሁ። ለካ እሁድ ዕለት አሜሪካ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደኋላ መልሷል! ክላሱ የጀመረው 9 ሰዓት ላይ ነው። እኔ እያንኮራፋሁ። ያመለጠኝን በምን ላካክስ? ተመልሼ የምሄደው ከጥምቀት በኋላ ነው።

ቀበሌ 18፦
ምን ያስጨንቅሃል፣ ያለህበትን አገር የሚደብቀውን ቪፒኤን ክፈትና ዳላስ እንዳለህ ሁን። እንቅልፍ ካሸነፈህ ደግሞ የአክስትህን ልጅ አስቀምጠው። ማን ያውቃል?

ጋርላንድ ነኝ፦
ኧረ ወንድሜ ይህን ምክር እንዳትሰማ! እኔ እዚያው ዳላስ አካባቢ ለፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ሰው የሚጠፋው በመጀመሪያው ጥፋት አይደለም፣ እሱን ለመሸፈን በሚያደርገው ነው። አንተ ፈቃድ ይዘህ ነው የወጣኸው፣ ምን ያስደብቅሃል? ሌላ ሰው በአንተ ስም ከተቀመጠ ግን ነገሩ ማጭበርበር ሆነ፣ ፕሮቤሽኑም ሊነሳብህ ይችላል።

ዛሬውኑ ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ጻፍ። ስልክ ሳይሆን ኢሜይል፤ ነገ ማስረጃ ይሆንሃል። ክላሱን ለምን እንዳጣኸው እንዳለ ንገራቸው፣ ማካካሻ መቼ እንዳለ ጠይቅ። ለኦፊሰሯም ግልባጩን ላክላት። ቴክሳስ ውስጥ ፕሮቤሽን ከተሰጠህ ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ መጨረስ አለብህ፣ ካልጨረስክ መንጃ ፈቃድህ ይሰረዛል። በቂ ምክንያት ካለህ ዳኛው ሊያራዝምልህ ይችላል፣ ግን ቀኑ ሳያልፍ ነው የሚጠየቀው። በሰኔ ከተፈረደብህ ቀንህ እንደ ዕለቱ ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ውስጥ ይሞላልና ጣትህን ቁጠር።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እስከ መጋቢት ልዩነቱ 9 ሰዓት ነው። የዳላስ ምሽት 6 ሰዓት ማለት የጎንደር ሌሊት 9 ሰዓት። ወረቀት ላይ ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው።

ማራኪ፦
እኔም ከዚሁ ከጎንደር በሌሊት የውጭ ሥራ እሠራለሁ። ዋይፋዩን ብቻ አትመን። መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይሄዳል። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርገህ እደር፣ የስልክህን ዳታ በሆትስፖት አዘጋጅ። በዚያ ሰዓት ኔትወርኩ ቀለል ይላል፣ እሱ ላይ ዕድለኛ ነህ። ሆቴል ልትከራይ ካሰብክም ጀነሬተር በሌሊት ይነሳ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ዳሽን በሚጠመቅበት ከተማ ቁጭ ብለህ ስለ ቢራ ጉዳት ስትማር ሳቅህ አይመጣም?

የአዘዞው ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኢሜይሉን በጻፍኩ በማግስቱ መልስ መጣ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ቡድን ውስጥ አስገቡኝ። ኦፊሰሯም «እሺ፣ ስላሳወቅከኝ ጥሩ ነው» ብቻ አለች። ቀበሌ 18፣ የአክስቴ ልጅ ከኔ በላይ ነው የሚጠጣው፣ እሱን ማስቀመጥ አይሆንም።

ሦስተኛውን ትናንት ሌሊት ወሰድኩ። መምህሯ አንድ ቆርቆሮ ቢራ፣ አንድ ብርጭቆ ወይንና አንድ መለኪያ ውስኪ ውስጣቸው ያለው አልኮል እኩል ነው አለች፤ 14 ግራም ገደማ። እኔ ሰርጉ ላይ «ቢራ ብቻ ነው» እያልኩ አምስት ነበር ያወረድኩት። ሰውነት አንዱን ለማጥፋት አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ቡናም አያፋጥነውም። እኔ መኪና ከማስነሳቴ በፊት ሁለት ሲኒ ጠጥቼ ነበር።

መሐል ላይ መብራት ሄደ። ማራኪ፣ ዕድሜ ላንተ፣ ዳታው ያዘ። ግን ካሜራው ላይ ፊቴ አይታይም። መምህሯ «አላይህም፣ እዚያ ነህ?» ትላለች። እናቴ ሌሊት ሌሊት የምነሳው ለጸሎት ነው ብላ ደስ ብሏታል፣ እኔም ደፍሬ አላስተካከልኳትም። አንድ ዓይኗ እንደተሸፈነ ግድግዳ እየደባበሰች መጣችና ጧፍ አብርታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችልኝ። ተሳልማኝ ወጣች። መምህሯ ትምህርቱን አቋርጣ ሥርዓተ ጸሎት ላይ ከሆንኩ ልትጠብቀኝ እንደምትችል ነገረችኝ።

የመጨረሻው ለዓርብ አጥቢያ ነው። ጧፍ ስድስት አለኝ።